ናቡን ለመውረር እግረኛ ጦር ማውረድ ለምን አስፈለገ? (37 መልሶች)

የውይይቱ ክር የተከፈተው ማክሰኞ ማታ፣ ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ጅማ ውስጥ ፊልም የምንወድ ሰዎች የምንወያይበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚኑ እኔ ነኝ። የዘወትር ሥራዬ የሸቀጥ ማስታወቂያ ማጥፋትና እንኳን አደረሳችሁ የሚሉ የአበባ ሥዕሎችን በትዕግሥት ማለፍ ነው። በዚያች ሌሊት ግን ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ እስከ ስምንት ሰዓት ሳነብ አመሸሁ። ክሩ በማግሥቱም ቀጠለ። ያመለጣችሁ ሰዎች ስለጠየቃችሁኝ ላውጋችሁ።

የከፈተው የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው። ጥያቄ ያስመስለው እንጂ የጻፈው ፍርድ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውን የስታር ዋርስ የመጀመሪያ ክፍል ለሦስተኛ ጊዜ አይቶ ጨርሷል። የናቡ ወረራ ጠፈር ላይ ከታዩ ወረራዎች ሁሉ የመጨረሻው ሞኝ ወረራ ነው ብሎ ደመደመ።

ፊልሙን ላላያችሁት፣ የንግድ ፌዴሬሽን የሚባል የነጋዴዎች ኃይል አለ። በንግድ መስመሮች ላይ ግብር ተጣለ ብሎ ይቆጣል። መርከቦቹን ይዞ ናቡ የምትባል ትንሽ ሰላማዊ ፕላኔት ይከብባል። ቀጥሎ የድሮይድ፣ ማለትም የሮቦት ጦር አውርዶ ዋና ከተማዋን ቲድን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሰማይ ላይ ያለችውን መቆጣጠሪያ መርከብ አንድ ትንሽ ልጅ ያፈነዳታል። ሜዳው ላይ ያለው ጦር በሙሉ ባለበት ይደርቃል። የተማሪው ጥያቄ ሁለት ነው። ሰማዩን የያዘ ሰው ጭቃ ውስጥ መውረድ ምን አስፈለገው? ያን ሁሉ ሠራዊትስ በአንዲት ክር ላይ ማንጠልጠል ምን የሚሉት ብልጠት ነው?

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። የጻፈችው ሐኪም ናት። የምትጽፈው ሁልጊዜ አዳር ተረኛ ስትሆን ነው። ልጁን ስለ ጥያቄው አመሰገነችውና መልሱ እዚያው ፊልሙ ውስጥ እንዳለ ነገረችው። ነጋዴዎቹ የፈለጉት መሬት አይደለም፤ ፊርማ ነው። የናቡ ንግሥት አሚዳላ ውሉ ላይ ከፈረመች ወረራው ሕጋዊ ይሆናል፤ የፕላኔቶቹ ምክር ቤት፣ ሴኔቱም አፉ ይዘጋል። ሰማይ ላይ ተቀምጦ ደግሞ ሰው ማስፈረም አይቻልም። ወርዶ በር ማንኳኳት የግድ ነው።

ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቅር አይለኝም ነበር። ገና 36 መልስ ይቀረው ነበር።

2ኛው አውራ ጣት ብቻ ነው። 3ኛው የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ እንደ ልማዱ ስሌት ይዞ መጣ። ከበባ እንደ አጥር የሚታጠር እንዳይመስላችሁ ብሎ ጀመረ። ምድራችንን ምሳሌ አደረገ። ከምድር 1,000 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያዋን የሚያለብስ ሉል ቢኖር ስፋቱ ወደ 683 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለዚህ መቶ መርከብ ብትመድብ፣ ለአንዷ የሚደርሳት ጥበቃ የኢትዮጵያን ስድስት እጥፍ ያህላል። ደግሞ መርከብ እንደ ደመና ተንሳፎ አይቆምም። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለመቆየት በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ አለበት፤ ምድርን በ92 ደቂቃ አካባቢ ዞሮ ይመለሳል። አንድ ቦታ ቆሞ የሚመስለው በምድር ወገብ አናት ላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ከበባው ሁሉ ቀዳዳ ነው። የንግሥቲቱ መርከብ ሾልካ መውጣቷም አያስገርምም።

4ኛው ወዲያው አረመው። መርከቧ በቀዳዳ አልሾለከችም። ፊት ለፊት ሄዳ ነው የገባችባቸው። ተመታች፣ መከላከያዋ ወደቀ፣ አንዲት ትንሽ ሮቦት ከላይ ወጥታ ባትጠግናት አልቆላት ነበር። ለረጅም መንገድ የሚያስፈልጋት ሞተር ስለተበላሸም ነው ታቱይን የሚባል በረሃ ላይ ያረፈችው። ሰውየው ጨምሮም በፊልም ሞተር የሚሄድ መርከብ የኒውተንን ሕግ የማክበር ግዴታ እንደሌለበት አስታወሰ። 5ኛው የፊዚክስ አስተማሪው ነው። ሕግ ከሌለ ታዲያ ምን እንወያያለን ብሎ አኮረፈ። እስከ 29ኛው ድረስ ድምፁ አልተሰማም።

6ኛውን ስጠብቀው ነበር። ሄርማታ አካባቢ ቡና ሲነግዱ የኖሩ ጋሼ አሉን። ፊልሙን በቅጡ አላዩትም፤ ልጃቸው ሲያይ ከጎን ሆነው ሒሳብ እየሠሩ ነው የሰሙት። ነገር ግን እነዚህ ወራሪዎች ወታደር ሳይሆኑ ነጋዴ መሆናቸውን ሁላችሁም ዘንግታችኋል ብለው ተቆጡን። የቆመ መርከብ ማለት የቆመ ጭነት ማለት ነው። ከበባ የሚበላው የተከበበውን ብቻ አይደለም።

ከዚያ የራሳቸውን አወሩ። አንድ ዓመት ዋጋ ይወጣል ብለው ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ቡና መጋዘን አከማቹ። ክረምቱ ገባ። ቆርቆሮው ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። ውኃው የሚንጠባጠበው አንድ ጆንያ ላይ ብቻ ነው። ከሳምንታት በኋላ እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ሲሰዱ ቡናው ሞቆ ጠበቃቸው። ውስጡ እንደታመመ ሰው ይተኩሳል። ሽታው በዙሪያው ወዳሉት ጆንያዎች ተዛምቶ ነበር። ያን ዓመት የከሰሩት ዋጋ ወርዶ ሳይሆን እሳቸው በመጠበቃቸው ነው። ፌዴሬሽኑም እንዲያ ነው የሆነው ባይ ናቸው። ሰማይ ላይ ቆሞ በየቀኑ ሲከስር፣ ቶሎ ተፈርሞለት ወደ ንግዱ ለመመለስ ወረደ። ከተማዋን ከያዙ በኋላ መርከቦቹን መልሰው አንድ ብቻ ትተው ይሆናል ብለውም ገመቱ። ዘበኛ የሚቀንስ ነጋዴ ያውቃሉ፤ አንዳንዴ ራሳቸውም ናቸው።

7ኛው ላይ ከፋቹ ልጅ ደነገጠ። እውነትም ንግሥቲቱና ሰዎቿ ወደ ናቡ ሲመለሱ ከበባው ተነሥቶ አንድ መርከብ ብቻ ነው ሰማይ ላይ ያገኙት። ፊልሙን ሦስት ጊዜ ያየው እሱ ያላስተዋለውን ጋሼ ከጀንፈል ተነሥተው ደረሱበት።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ስለ ኔትወርክ ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ግንኙነት ድንገት ሲቋረጥ የንግሥቲቱ አማካሪ ይህ የወረራ ምልክት ነው ይላል። አንዷ ይህ ሰው ጅማ አንድ ክረምት ቢከርም በቀን ሦስቴ ተወረርን ብሎ ይሞት ነበር አለች። ሌላው ኔትወርክ ሲጠፋበት እሱ የሚጠረጥረው ወረራ ሳይሆን ዝናብ እንደሆነ ጻፈ። ሦስተኛው የጻፈው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የደረሰው። ምክንያቱን መገመት አያቅትም።

11ኛው ብዙ ሳቅ ያስነሣ ነው። አሁን አዲስ አበባ የሚኖር፣ ልጅነቱን ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ያሳለፈ ሰው የጻፈው ነው። ያን ፊልም መጀመሪያ ያየው ጅማ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። መቀመጫው ጣውላ ነው፤ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የፊተኛውን ሰው ጆሮ ነው። ኦቾሎኒ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ጎረምሳ ፊት ሆኖ እየጮኸ ይተረጉማል፤ ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል። በእሱ ትርጉም የነጋዴዎቹ አለቃ የንግሥቲቱ አጎት ነበር። ፊልሙ ውስጥ ያለው ልጅ ትንሿን አውሮፕላን እየነዳ መርከቧ ውስጥ ገባ፣ ተኮሰ፣ መርከቧ ፈነዳች፣ ድሮይዶቹ ባሉበት ደረቁ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ሁሉም ሰው እንደ ድሮይዶቹ ደርቆ ቀረ። ፊልሙ እንዲህ ነው የሚያልቀው ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በቲድ አደባባይ የድል ሰልፍ መኖሩን ያወቀው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ለከፋቹ ልጅም መልስ አለኝ አለ። ጦርን በአንዲት ክር ማንጠልጠል ሞኝነት የሚመስለው መብራት ሄዶበት ለማያውቅ ብቻ ነው። እኛ ሁላችንም በአንዲት ክር ነው የተንጠለጠልነው። (ይህን መልስ በልባችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።)

12ኛው መጡ። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ግማሻችንን ስላስተማሩን እስከዛሬ ቲቸር ነው የምንላቸው። የሐኪሟን መልስ ደግፈው ፊርማ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ አሉ። ጣሊያን በ1881 ዓ.ም ከምኒልክ ጋር ውጫሌ ላይ የተዋዋለው ውል አንቀጽ 17 አለው። በአማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ ቢፈልጉ በጣሊያን መንግሥት በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። በአንዲት ግሥ አገር ሊወስዱ ነበር። ጣሊያን ጦሩን ከማዝመቱ በፊት ወረቀቱን ነው ያዘመተው። የናቡ ነጋዴዎች ስህተት ቅደም ተከተሉን መገልበጣቸው ነው። በመጀመሪያ ወረሩ፣ ከዚያ አስፈርመው ሊያጸድቁ አሰቡ።

ወዲያውም ወደ መቀሌ ተሻገሩ። በ1888 ዓ.ም ጥር ላይ የጣሊያን ጦር መቀሌ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ገብቷል። ምሽጉን በውጊያ መስበር ብዙ ነፍስ በላ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘ። በውኃ ጥም የተያዘው ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ። ቲቸር ከዚህ ያወጡት፣ ከባቢው ትዕግሥት ካለውና ውኃው በእጁ ከሆነ መውረድ እንደማያስፈልገው ነው። 13ኛው ጋሼ ናቸው። ትዕግሥቱ የተገኘው እኮ እቴጌ ጣይቱ መጋዘን ሙሉ ጀንፈል ስላልነበራቸው ነው ብለው መለሱ። ሁለቱ ሽማግሎች እንዲህ ሲጫወቱ ደስ ይላል።

እኔን ያስቆመኝ 14ኛው ነው። የጻፈችው ጠበቃ ናት። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ናቡ ሰማይ ነው፤ ወረራው የተወሰነው ግን በጠፈሩ ዋና ከተማ በኮረሳንት፣ ሴኔቱ አዳራሽ ውስጥ ነው አለች። ትዕይንቱን አስታውሱ። ንግሥቲቱ አምልጣ ሄዳ ሕዝቧ እየሞተ እንደሆነ በሴኔቱ ፊት ትናገራለች። የፌዴሬሽኑ ተወካይ ማስረጃ የለም ይላል። መጀመሪያ አጣሪ ኮሚሽን ይላክ ብሎ ይጠይቃል። መሪው ቫሎረም ቢሮክራቶቹ ጆሮው ላይ ሲያንሾካሹኩበት ይለሳለሳል። ያኔ ንግሥቲቱ ተስፋ ቆርጣ በቫሎረም ላይ የመተማመኛ ድምፅ እንዲነፈግ ትጠይቃለች። ይህን ሐሳብ ጆሮዋ ላይ ያስገባው የራሷ ፕላኔት ተወካይ ሴናተር ፓልፓቲን ነው። ቫሎረም ይወርዳል፣ ፓልፓቲን ይመረጣል። ነጋዴዎቹን ከጀርባ ሆኖ ናቡ ላይ ያዘመተውም ያው ሰው ነው። ስለዚህ ወረራው ቢሳካም ባይሳካም ላቀደው ሰው ተሳክቷል። ሞኞቹ ነጋዴዎቹ ናቸው እንጂ ወረራው ሞኝ አይደለም። ከፋቹን ልጅ እንዲህ በአንድ አንቀጽ ከሥሩ ነቀለችው።

እዚያ ላይ አላቆመችም። ኮሚሽን የሚለው ቃል እኛን ሊያስቀን አይገባም ብላ ቀጠለች። ወልወል ላይ በኅዳር 1927 ዓ.ም ደም ፈሰሰ። ጉዳዩ ለግልግል ኮሚሽን ተሰጠ። ኮሚሽኑ ወራት ፈጅቶ ክረምቱ ሲያልቅ ሁለቱንም ወገን ጥፋተኛ ሳያደርግ ፋይሉን ዘጋ። ወር ያህል ቆይቶ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። ገና ሳይጀምሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አዳራሹን አናወጡት። ንግሥት አሚዳላ ቢያንስ አልተፏጨባትም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ትዕይንት በስልኬ ከፍቼ ድጋሚ አየሁት። ልጅ እያለሁ የሚሰለቸኝ ቦታ እሱ ነበር። ውጊያ የለበት፣ ሰው የሚያወራበት። አሁን የገረመኝ የአዳራሹ ስፋት ነው። ንግሥቲቱ የቆመችበት መድረክ ከግድግዳው ተላቅቆ ወደ መሃል ይንሳፈፋል። በሺህ የሚቆጠሩ መቀመጫዎች ዙሪያዋን አሉ። ከእነዚያ ሁሉ አንድ መርከብ እንስጥሽ የሚላት የለም።

15ኛው ከፋቹ ልጅ ነው። ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን አልተቀበለም። የወረራው ዓላማ ብልህ ሊሆን ይችላል፤ አፈጻጸሙ ግን ሞኝ ነው አለ። 16ኛው ተማሪ ሲረታ አፈጻጸም የሚል ቃል እንደሚያመጣ ጠቆመ።

17ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ለትምህርት ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። አሚዳላ አልፈርምም አለች፣ የእናንተው አባ ጅፋር ግን ሳይዋጉ ገበሩ ብሎ ጻፈ። አሳልፎ መስጠት የሚል ቃል ጨመረበት። 18ኛው ተወልዶ ያደገው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ሥር ነው። ወደ ላይ ወጥቶ የቤተ መንግሥቱን ሰገነት ሳያይ፣ ከቀበሌው ውጪ የማያውቀውን አገር ታሪክ አፉ ውስጥ እንዳያስገባ በቁጣ ነገረው። 19ኛው ቲቸር ናቸው፣ ሁለቱንም አረጋጉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጎረቤቷ ካፋ ተዋጋች፤ በ1897 እ.ኤ.አ. ተሸነፈች፣ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ፣ አገሩ ክፉኛ ተጎዳ። ስንት ቤት እንዳልተቃጠለ የሚቆጥር ሰው ለአባ ጅፋር ሌላ ስም ይሰጣቸዋል ብለው ዘጉት።

አልተዘጋም። 20ኛው የፊርማ ዓይነት ይለያያል ብሎ ገባ። ግብር ከፍለህ ቤትህን መጠበቅ አንድ ነገር ነው። ቤትህ በጠመንጃ ከተያዘ በኋላ ፈቅጄ ነው ብለህ መፈረም ሌላ ነው። ጥሩ ነጥብ ነበር፤ ማንም አላነበበውም። 21ኛው ተሳደበ። 22ኛው ወደ ሰው ዘር ማንዘር ወረደና አጠፋሁት። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። 23ኛው እኔን ነው የሰደበው። ሐሳብ አፋኝ፣ ሳንሱር፣ የጋንሬይ ተላላኪ ተባልኩ። ጋንሬይ የነጋዴዎቹ አለቃ ነው። የመጨረሻዋ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለችኝ።

24ኛው ሐኪሟ ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጻፈች። ንግሥቲቱ ለማንም አልተንበረከከችም የምትሉት ፊልሙን በደንብ ስላላያችሁ ነው አለች። ተንበርክካለች። ለነጋዴዎቹ አይደለም፤ ለጋንጋኖቹ ነው። ጋንጋኖች እዚያው ናቡ ውስጥ፣ ውኃ ሥር የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። የቲድ ሰዎች ሲንቋቸው ኖረዋል። ሴኔቱ ሲከዳት ተመልሳ ጫካ ውስጥ ተደብቀው ካገኘቻቸው መሪያቸው ፊት በጉልበቷ ወድቃ እርዳታ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ነው ጦር ያገኘችው። ሐኪሟ ይህን ጽፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማንም አልመለሰላትም። እስከ ጠዋት ክሩ ጸጥ አለ።

ጠዋት 25ኛው የመጣው ስለ ሌላ ነገር ነው። አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ የቲድ ቤተ መንግሥት ውስጡ የተቀረጸው ጣሊያን ውስጥ በካዜርታ ቤተ መንግሥት እንደሆነ ጻፈች። ይኸው እንግዲህ፣ ለተወረረች ንግሥት ቤት ያዋሱት ጣሊያኖች ናቸው። 26ኛው ቲቸር ተደስተው ጨመሩበት። በ1945 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ የነበረው የጀርመን ጦር እጅ መስጠቱን የፈረመው በዚያው በካዜርታ ቤተ መንግሥት ነው። አሚዳላ ያልፈረመችበት ቤት ውስጥ ሌሎች ፈርመዋል።

27ኛው ከካዜርታ ወደ ጅማው ፈረንጅ አራዳ ዘለለ። እዚያ ያሉ የጣሊያን ዘመን ቤቶች በረንዳ ላይ ስለሚሸጥ ማኪያቶ ነው ያወራው። 28ኛው ማኪያቶው ውስጥ ያለው ቡና የጅማ አይደለም አለ። ጋሼ ተቆጥተው ሊመልሱ ሲጽፉ ሲሰርዙ፣ ሲጽፉ ሲሰርዙ ለረጅም ጊዜ አየሁ። በመጨረሻ ምንም አልላኩም። 29ኛው የፊዚክስ አስተማሪው ነው፣ ከኩርፊያው ተመልሶ። ጥያቄው ስለ ሰማይ ነበር አለ። ሰማዩን የያዘ ሁሉን ያዘ ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ሉል መሳል እንኳ አያስፈልግም ነበር ብሎ ራሱን ወቀሰ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አውሮፕላኑ ከሞላ ጎደል ሁሉ የእሱ ነበር፤ መርዝ ጋዝም ከሰማይ አዝንቧል። አምስት ዓመት ሙሉ ግን ከከተማና ከመንገድ ወጣ ያለው አገር በሌሊት የአርበኛው ነበር። ከ30 እስከ 32 ያሉት ለዚህ የተላኩ ልቦች ናቸው። 33ኛውና 34ኛው እሁድ ወደ ጅሬን በባጃጅ ስለመውጣት ናቸው። የተጣሉት ሁለቱ ልጆች አብረው ሊሄዱ ነው። አንዱ የሌላውን ሒሳብ ይከፍላል፤ የትኛው እንደሚከፍል ገና አልተስማሙም።

አሁን ወደ 11ኛው እንመለስ። 35ኛውን የጻፈው እስካሁን አንድም ቀን ጽፎ የማያውቅ አባል ነው። የዚያ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ልጅ ነኝ አለ። የቆጪውን ልጅ ታሪክ በሳቅ አንብቦ ለአባቱ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። አባትየው ቀኑን ያስታውሳሉ። በዚያን ቀን መብራት አልጠፋም። ሶኬቱን የነቀሉት እሳቸው ናቸው። በኋለኛው አጥር ዘለው በነፃ የገቡ ልጆች ሲበዙባቸው ይህን ዘዴ ያዘወትሩ ነበር። ፊልሙ የሚጥምበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይነቅላሉ፤ ባትሪ አብርተው ረድፍ በረድፍ እየዞሩ ሃምሳ ሳንቲም ይሰበስባሉ። የከፈለ ቁጭ ይላል። ያልከፈለ ይሮጣል። ለዚህ ከአንዲት መርከብ መፈንዳት የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

36ኛው አጭር ነበር። ያን ቀን ፊት ረድፍ ተቀምጦ የነበረ ሌላ አባል ነው። መብራቱ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መመለሱን፣ የድል ሰልፉንም እስከ መጨረሻው ማየታቸውን አረጋገጠ። በጨለማ አንድ ልጅ እግሩን ረግጦት ወደ አጥሩ ሲፈተለክም ትዝ ይለዋል።

37ኛው የቆጪው ሰው ነው። ምንም አልጻፈም። ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ልጅ በቴሌብር ሃምሳ ሳንቲም መላክ ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቀ።